ጥቁር ሸሚዝ በበረዶ አገር

ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው የኢንተር ሚላን ደጋፊዎች ማኅበር ሊመስለው ይችላል። «ሰማያዊ-ጥቁር ንቅናቄ»። ግን የፖለቲካ ፓርቲ ነው፣ ያውም የፊንላንድ። በ2022 የአገሪቱ ሕግ የሚጠይቀውን 5,000 የድጋፍ ፊርማ አሟልቶ ተመዘገበ። በ2023 ምርጫ ገባና ያገኘው ድምፅ ከ2,000 ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው፤ ከፈረሙለት ሰዎች ግማሹ እንኳ ሄዶ አልመረጠውም ማለት ነው። በኤፕሪል 2024 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ፕሮግራሙ ከዴሞክራሲና ከሰብዓዊ መብት ጋር አይሄድም ብሎ ምዝገባውን ሰረዘበት።

ይህችን የምታክል ፓርቲ ምን ቁም ነገር አላት ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገሩ ያለው ስሟ ላይ ነው። «ሰማያዊ-ጥቁር» የሚለውን ሰዎቹ ከሜዳ አላነሱትም። በ1936 መንግሥት ከዘጋው የወጣቶች ድርጅት የወሰዱት ነው። ያ ድርጅት ደግሞ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የፊንላንድ ፋሽስቶች የተሰባሰቡበት ፓርቲ የወጣት ክንፍ ነበር። ፓርቲው በምህጻር አይ.ኬ.ኤል. ይባላል፤ ወደ እኛ ሲመለስ «የአገር ወዳዶች ሕዝባዊ ንቅናቄ» እንደ ማለት ነው። ሰዎቹ ጥቁር ሸሚዝ ይለብሱና ሰማያዊ ከረባት ያስሩ ነበር። አርማቸው ድብ ላይ ተፈናጦ ዱላ የጨበጠ ሰው ነው።

ጥቁር ሸሚዝ ለእኛ አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ከነለባሹ ያውቁታል፣ በ1935 ሙሶሊኒ ወደ እኛ አገር ካዘመታቸው መካከል እነዚያ ጥቁር ሸሚዞች ነበሩበት። ፊንላንዶቹም የቀዱት ከዚያው ከሮም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታ።)

እኔን ታሪካቸው ውስጥ የገረመኝ አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች አገር ያንቀጠቀጡት ፓርቲ ከመሆናቸው በፊት ነው። ፓርቲ ሆነው፣ ሸሚዝ አሰፍተው፣ ምርጫ ገብተው ድምፃቸው ሲቆጠር ትንሽ ሆነው ተገኙ።

መነሻው 1918 ነው። ፊንላንድ ከሩሲያ ተላቃ ነጻነቷን ካወጀች ሁለት ወር ሳይሞላት እርስ በርሷ ተጫረሰች። ቀዮቹ ሠራተኞችና ጭሰኞች፣ ነጮቹ ገበሬዎች፣ ባለሀብቶችና የቄስ ልጆች። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት አገር ጥቂት ወራት ውስጥ ከ36,000 በላይ ሰው አለቀ። ከእነዚህ ውስጥ 12,000 ያህሉ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በእስረኞች ካምፕ በረሃብና በበሽታ የሞቱ ቀዮች ናቸው። ነጮቹ አሸነፉ። አሸንፈው ግን ልባቸው አላረፈም። የተሸነፉት ሶሻል ዴሞክራቶች ብዙም ሳይቆዩ ፓርላማ ተመለሱ፣ ጭራሽ በ1926 መንግሥት መሠረቱ። ኮሚኒስቶቹም ስማቸውን እየቀያየሩ ይመረጡ ነበር፤ በ1929 ከ200 የፓርላማ ወንበር 23ቱን ያዙ። በዚያ ላይ የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ፣ የእንጨት ዋጋ ወረደ፣ የገበሬው እርሻ በዕዳ ለሐራጅ ይወጣ ጀመር። «ደማችንን ያፈሰስነው ለዚህ ነው?» የሚል ሰው በዛ።

ላፑዋ የምትባል የገጠር ከተማ አለች፣ ከአገሪቱ በስተምዕራብ። ሰዎቿ አጥባቂ ሃይማኖተኞችና እልኸኞች ናቸው። በኖቬምበር 1929 ወጣት ኮሚኒስቶች ቀይ ሸሚዝ ለብሰው እዚያ ሄደው ስብሰባ ጠሩ። እንግዲህ ቦታ አልጠፋ! የአገሬው ሰው ወጣና ሸሚዛቸውን ከላያቸው ቀዶ ጣለው። የላፑዋ ንቅናቄ የሚባለው ከዚያች ቀን ግርግር ተወለደ። መሪው ቪህቶሪ ኮሶላ የተባለ የዚያው አካባቢ ገበሬ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ሰደድ እሳት ነው። በማርች 1930 ቫሳ ከተማ ውስጥ የኮሚኒስቶቹን ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ሰባበሩት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። የጋዜጣው ጠበቃ አሴር ሳሎ የፓርላማ አባልም ነበር። በጁን መጀመሪያ ለዚያው ችሎት ቫሳ ሲመጣ፣ አፍነው መኪና ውስጥ ከተውት ወደ ላፑዋ ነዱ። ተከሳሾቹ ከሳሻቸውን ጠለፉት ማለት ነው። ፖሊስ የት ነበር አትበሉ፣ እዚያው ነበር።

በዚያ በጋ አፈናው ፋሽን ሆነ። ፊንላንዶች ለዚህ የራሱ ቃል አላቸው፣ «ሙይሉቱስ» ይሉታል። ማታ መኪና ቤትህ በር ላይ ይቆማል፣ ትጫናለህ፣ ትደበደባለህ፣ ከዚያ በምሥራቅ በኩል ሶቪየት ኅብረት ድንበር ላይ ወስደው «ያቺ ናት አገርህ፣ ሂድ» ይሉሃል። ከ200 በላይ ሰው እንዲህ ተጭኗል። የተገደሉም አሉ። ብዙ ፖሊሶች፣ ዳኞችና የወረዳ ሹሞች ዓይተው እንዳላዩ አለፉ፣ ግማሾቹ ልባቸው ከአፋኞቹ ጋር ስለነበር። የቀኝ ክንፉ ጋዜጦችም «መንገዱ ትክክል ባይሆን ዓላማው ቅዱስ ነው» ዓይነት ነገር ይጽፉ ነበር። ጁላይ 7 ቀን 1930 ከ12,000 በላይ ገበሬ ሄልሲንኪ ገባ። ሙሶሊኒ ሮም ላይ ያደረገውን ሰልፍ ልብ እንዲያስታውስ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የአገሪቱ ፕሬዚዳንትና በ1918 የነጮቹ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ማነርሃይም ቆመው ተቀበሏቸው።

የጠየቁትም ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት ኮሚኒስቶችን ከፖለቲካ የሚያስወጡ ሕጎች ወጡ፤ አንደኛው የሪፐብሊኩ ጥበቃ ሕግ ይባላል። ይህን ሕግ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። እንግዲህ ያሉት ከሆነላቸው ወደ እርሻቸው መመለስ ነበረባቸው። አልተመለሱም። ሕጎቹ ገና ሳይጸድቁም ተራው የሶሻል ዴሞክራቱ ሆኖ ነበር፤ የፓርላማውን ምክትል አፈ ጉባኤ ቫይኖ ሃኪላን ጭምር አፈኑ። ቀጥሎ ማን እንደ መጣ ስሙኝ።

ኦክቶበር 14 ቀን 1930 ጠዋት። የመጀመሪያው የፊንላንድ ፕሬዚዳንት ካርሎ ዩሆ ስቶልበርግ፣ ሥልጣን ከለቀቁ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ የ65 ዓመት ሽማግሌ የሕግ ሊቅ፣ ሄልሲንኪ ኩሎሳሪ በሚባለው ሰፈራቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ኤስተር ጋር የጠዋት እግር ጉዞ ወጥተዋል። መኪና መጣና ሁለቱንም ጫናቸው። የአገሪቱን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ትልቁን ድርሻ የያዙትን ሰውዬ ማለት ነው! መኪናው ቀኑን ሙሉ ወደ ምሥራቅ ሲነዳ ዋለ። ሐሳቡ ድንበር ማሻገር ነበር። ዮኤንሱ የምትባል ከተማ ሲደርሱ ግን አፋኞቹ ወኔ ከዳቸውና ባልና ሚስቱን እዚያው ለቀዋቸው ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ሲጣራ ከጀርባው ማን ተገኘ? የጦር ኃይሉ ዋና ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ዋሌኒየስ። በታችኛው ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ነበር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነጻ ለቀቀው።

እዚህ ላይ ነው ጨዋው ቀኝ ክንፍ የደነገጠው። ኮሚኒስት ሲታፈን ዝም ያለ ሰው ሁሉ የስቶልበርግን ጊዜ አፉን ከፈተ። ቢሆንም አልጨከኑባቸውም። በ1931 ስቪንሁፍቩድ የተባሉ የነጮቹ አንጋፋ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ያሸነፉት ያንኑ ታፍነው የነበሩትን ስቶልበርግን ነው፣ 151 ለ149 በሆነ ድምፅ፣ የላፑዋ ሰዎች እና የሲቪል ዘብ የሚባለው የነጮቹ የበጎ ፈቃድ ጦር አዛዦች ከጀርባ እያስፈራሩ። አዲሱ ፕሬዚዳንት የእነሱ ሰው መሰሏቸው።

አልነበሩም። በፌብሩዋሪ 1932 መጨረሻ ማንትሳላ የሚባል የገጠር ቦታ አጠገብ አንድ ሶሻል ዴሞክራት ንግግር ሊያደርግ ሲል፣ የታጠቁ የሲቪል ዘብ አባላት መጥተው እየተኮሱ ስብሰባውን በተኑት። ከዚያም አንሄድም አሉ። መንግሥት ይውረድ አሉ። ኮሶላም ዋሌኒየስም እዚያው ከተሙ። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል፣ መጠጥ በሕግ የተከለከለበት ዘመን ቢሆንም የኮንትሮባንድ አልኮል ግን በሽ ነው፣ እና አብዮቱ ቀን በቀን ስካር እየሆነ ሄደ። (መጠጥ የተፈቀደው ከወር በኋላ ነው፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1932 ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ ፊንላንዶች በእነሱ አቆጣጠር 5-4-3-2-1-0 ብለው ቁጥሩን እስከ ዛሬ ይቀልዱበታል።) ፕሬዚዳንቱ ማርች 2 ቀን በሬዲዮ ቀረቡ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሕግ ነው የታገልኩት፣ አሁን ሕግ ሲረገጥ አላይም፣ በሰላም ወደ ቤቱ የገባ ተራ ሰው አይነካም፣ መሪዎቹ ግን ይጠየቃሉ አሉ። ጦሩም ከመንግሥት ጎን ቆመ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሰዎቹ በረዷቸውን አራግፈው ተበተኑ።

አሁን ወደዚያች ሕግ። የላፑዋ ንቅናቄ የተዘጋው በሪፐብሊኩ ጥበቃ ሕግ ነው። ራሳቸው ጮኸው ባስወጡት፣ ለኮሚኒስት ባሰፉት ልብስ። የመሪዎቹ ቅጣት ግን ለአመፅ ሳይሆን ለጎረቤት ጠብ የተፈረደ ይመስላል፣ ቀለል ያለ ነበር።

አይ.ኬ.ኤል. የተመሠረተው ከዚህ በኋላ ነው፣ በጁን 1932። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ አሁን ግን ሕጋዊ ፓርቲ። በ1933 ምርጫ ከትልቁ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ጋር በአንድ ዝርዝር ተወዳድረው 14 ወንበር አገኙ። ፓርላማ ውስጥ በጥቁር ሸሚዝ መጡ። መንግሥት በ1934 የፖለቲካ ዩኒፎርም የሚከለክል ሕግ አወጣባቸው። ብዙዎቹ መሪዎች የሉተራን ቄሶች መሆናቸው ነው ደግሞ የሚገርመው። እሑድ መድረክ ላይ ወንጌል፣ ሰኞ ፓርላማ ውስጥ «አንድ መሪ፣ አንድ ሕዝብ»።

ለምን አላደጉም? ብዙ ምክንያት ይሰጣል፣ እኔ ግን ገንዘቡ ላይ አተኩራለሁ። የላፑዋን ንቅናቄ በገንዘብ ከደገፉት መካከል ስዊድንኛ ተናጋሪ ባለፋብሪካዎች ነበሩበት። ኮሚኒስትና የሠራተኛ ማኅበር እንዲመታላቸው ይፈልጉ ነበር። አይ.ኬ.ኤል. መጣና ፊንላንድ ለፊንላንድኛ ብቻ፣ ዩኒቨርሲቲውም በፊንላንድኛ ብቻ አለ። የሚያበላቸውን እጅ ነከሱት። ባለሀብቱ ቦርሳውን ዘጋ።

ቀጥሎ ደግሞ ወግ አጥባቂዎቹ ራሳቸው በር ዘጉባቸው። በ1934 ፓሲኪቪ የሚባሉ ጠንካራ ሽማግሌ የወግ አጥባቂውን ፓርቲ መሪነት ያዙና ከጥቁር ሸሚዞቹ ጋር የነበረውን ዝምድና ቆረጡት። በ1936 ብቻቸውን ተወዳደሩ፤ 8.3 በመቶ ድምፅ፣ ያው 14 ወንበር። ጣሪያቸው እሱ ነበር።

ከእነሱም ያነሱ አሉ። ካፒቴን አርቪ ካልስታ በ1933 ሂትለርን ቁጭ አድርጎ የቀዳ ድርጅት አቋቁሞ ምርጫ ገባ፣ አንድ ወንበር እንኳ አላገኘም። ዩርዮ ሩቱ የተባለ ምሁር ደግሞ በ1932 የራሱን «ብሔራዊ ሶሻሊዝም» ይዞ ተነሳ፤ የሱ ግን ከሂትለር ይልቅ ፋብሪካው ሁሉ የመንግሥት ይሁን ወደሚለው ያደላ ነበር። ይኼ ሰውዬ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ግራ ዞሮ የአገሪቱን የትምህርት ቤቶች አስተዳደር በበላይነት መርቷል። እያንዳንዱ ካፒቴንና ፕሮፌሰር የራሱን ሂትለር መሆን ሲፈልግ ተከታይ ከየት ይመጣል።

ናዚዎች አርማ ያደረጉት ጠማማ መስቀል፣ ስዋስቲካውም ቢሆን ለፊንላንድ ሰው አዲስ አልነበረም። ከ1918 ጀምሮ የአየር ኃይሉ ምልክት ነበር። ያመጣው ኤሪክ ፎን ሮዘን የሚባል ስዊድናዊ ካውንት ነው፤ ለነጮቹ በስጦታ የሰጠው አውሮፕላን ላይ ሰማያዊ ስዋስቲካ ነበረበት። ካውንቱ ኋላ ላይ የሂትለር አድናቂ ሆነ፤ የሚስቱ እኅት የሂትለር ቀኝ እጅ የነበረው የጎሪንግ የመጀመሪያ ሚስት ነበረች። ስሙ ግን ለእናንተ አዲስ ካልሆነ አልገረምም። ልጁ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለስዊድን ቀይ መስቀል የእኛን ቁስለኛ በአውሮፕላን ያመላለሰው፣ በኋላም የኢትዮጵያን አየር ኃይል ያደራጀው፣ በ1977 ኦጋዴን ውስጥ ጎዴ ላይ የሞተው። አባት እዚያ፣ ልጅ እዚህ።

በዚያው ወረራ ፊንላንድ ራሷም ከእኛ ጎን አንድ ነገር አድርጋለች። መንግሥቷ ጣሊያን ላይ በተጣለው ማዕቀብ ተባበረ። ቀይ መስቀሏም የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። መሪው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፋልቲን ናቸው፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ቀዶ ሐኪም። ሄልሲንኪ ውስጥ የሮምን ሸሚዝ የሚያደንቅ ፓርላማ አባል እያለ፣ ከዚያችው ከተማ የወጡ ሽማግሌ ያ ሸሚዝ ያቆሰለውን ሰው ሊያክሙ እኛ ዘንድ መጡ።

ወደ ሰማያዊ-ጥቁሮቹ ልመለስ። መሪያቸው ኤልያስ ሲሞዮኪ የሚባል ቄስ ነበር፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ወጣቱ እብድ የሚልለት። ተማሪዎችን ሰብስቦ ካምፕ ያወጣ፣ ስለ ታላቋ ፊንላንድ ይሰብክ ነበር። ከባሕር ማዶ ኢስቶኒያ ውስጥ ተመሳሳይ ጽንፈኞች በዲሴምበር 1935 መፈንቅለ መንግሥት ሊያደርጉ ሲሉ ተያዙ። ሲጣራ የሴራው ክር ፊንላንድ ገባ፣ የሲሞዮኪ ወጣት ተከታዮች እጃቸው ነበረበት። በ1936 መጀመሪያ ድርጅቱ ተዘጋ። ሲሞዮኪ ራሱ በጃንዋሪ 1940 በሶቪየት ወረራ ጊዜ ላዶጋ ሐይቅ ግንባር ነበር። በረዶው ላይ አንድ የቆሰለ ፈረስ ይጮሃል። ቄሱ ስቃዩን ሊያሳጥርለት ወደ ፈረሱ ሲሄድ በጥይት ተመታ። ሞተ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለዚህ ሰው ምን ማሰብ እንዳለብኝ ግራ ገብቶኛል፣ አሁንም አልወጣልኝም።

ፓርቲውም እያነሰ ሄደ። ኢኮኖሚው አገገመ፣ ሐራጁ ቆመ። በ1937 የገበሬዎቹ ፓርቲና ሶሻል ዴሞክራቶቹ አንድ ላይ መንግሥት መሠረቱ። እንግዲህ ገበሬና ሠራተኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ለላፑዋ ወሬ ምን ቀረለት። በኖቬምበር 1938 የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ኡርሆ ኬኮነን ፓርቲውን ልዝጋ ብሎ ተነሳ፤ ፍርድ ቤቱ ማስረጃህ አይበቃም ብሎ ከለከለው። ለእኔ ይህ ውሳኔ ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም ከስምንት ዓመት በፊት ፍርድ ቤት በር ላይ ሰው የሚጠልፉት ሰዎች አሁን ያዳናቸው ያው ፍርድ ቤት ነው። በ1939 ምርጫ ወንበራቸው 8 ሆነ።

ጦርነቱ ትንሽ ትንፋሽ ሰጣቸው። ፊንላንድ ከጀርመን ጎን ስትሰለፍ፣ ቪልሆ አናላ የተባለው መሪያቸው በ1941 የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆኖ ሁለት ዓመት ሠራ። በሴፕቴምበር 1944 ከሶቪየት ጋር የተፈረመው የተኩስ አቁም ስምምነት ፋሽስት ድርጅቶች ሁሉ ይዘጉ ይላል። ተዘጉ።

አሁን ሰማያዊ-ጥቁር ብለው የተመለሱት ልጆች ያንን ሁሉ የረሱት አይመስለኝም። ቁጥራቸው ግን የአይ.ኬ.ኤል.ን ሩቡን አይደርስም። በዚህ ተጽናንቶ መተኛት ከባድ ነው፣ ምክንያቱም በ1930ም አደጋው የነበረው ድምፅ መስጫ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። የኖርዲክ ተቃውሞ ንቅናቄ የሚባለውን የናዚ ቡድን የፊንላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ዘግቶታል፤ በጁን 2024 ኦሉ ከተማ የገበያ ማዕከል ውስጥ የውጭ ዝርያ ያለውን የ12 ዓመት ልጅ በስለት የወጋው ሰው ከዚያው ቡድን ጋር ግንኙነት የነበረው ነው። ይህ ሰው ስንት ድምፅ አለው ብሎ መቁጠር ምን ይጠቅማል።

በየዓመቱ ዲሴምበር 6፣ በነጻነት ቀናቸው ማታ፣ የሄልሲንኪ ብሔርተኞች ችቦ አብርተው ይሰለፋሉ። ቀኝ አክራሪው ሁሉ ይቀላቀላል። ሰልፉ የሚያልቀው ሂየታኒየሚ መቃብር ስፍራ ነው፣ የጦርነቱ ጀግኖች ያሉበት። እዚያው መቃብር ውስጥ፣ ከችቦው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በጠዋት እግር ጉዞ ላይ ተጭነው ዮኤንሱ የተጣሉት ስቶልበርግ አሉ። ፓርቲያቸውን ሊዘጋ ሞክሮ ያልተሳካለት፣ በኋላ ግን ሩብ ክፍለ ዘመን ፕሬዚዳንት የሆነባቸው ኬኮነንም እዚያው ነው።